የቆዩ ስላይዶችን በቤት ውስጥ ወደ ዲጂታል መቀየር፦ ስለ ሻጋታ፣ ስለ አቧራና ስለ ቀላ ቀለም

የአለማያ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት።

አባቴ በወጣትነታቸው ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተላኩት አንዱ ነበሩ። ከዚያ ይዘውት የተመለሱት ካሜራ እስከ 1970 ዓ.ም. ገደማ ከእጃቸው አልተለየም፤ አብዛኛውንም ያነሱት በስላይድ ፊልም ነው፤ ማለትም ታጥቦ አንድ በአንድ በማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በፕሮጀክተር በሚታየው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ስናስተካክል ወደ 800 የሚጠጉ ስላይዶች አገኘን። ከፊሎቹ ክብ በሆነው የፕሮጀክተር ማኅደር ውስጥ እንደተደረደሩ አሉ፤ የቀሩት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። የኮሌጁ የሙከራ ማሳዎች፣ የጀጎል በሮች፣ የጥምቀት በዓል፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት የስቲልወተር ከተማ ጎዳናዎች፣ የወላጆቼ ሠርግ ሳይቀር በውስጡ አለ።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። በቆርቆሮው ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶባቸዋል፤ ሻጋታ ይመስለኛል። ሌሎቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀይ ተለውጠዋል፤ የሚገርመው ግን እዚያው አጠገባቸው የነበሩት፣ በዕድሜም የሚበልጧቸው፣ ትናንት የታጠቡ ይመስል ቀለማቸው አልተነካም። ማቀፊያቸውም የተለያየ ነው፤ የካርቶን፣ የፕላስቲክ፣ ጥቂቶቹም በሁለት ቀጫጭን መስታወት መካከል የተያዙ ናቸው። በዚያ ላይ ሁለት ያልታጠቡ የፊልም ጥቅልሎች አግኝተናል።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ለገና ስትመጣ ዕቃ ልታመጣልኝ ፈቃደኛ ናት፤ ስለዚህ ምን ብታመጣ እንደሚሻል ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊትስ ስላይዶቹን እንዴት ላጽዳቸው? የቀሉትን ማዳን ይቻላል? ወደ ዲጂታል ከተቀየሩ በኋላ ዋናዎቹን ማስቀመጥ ያስፈልጋል? እናቴ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሲሆን፣ ሥራው እሳቸው ሊያዩት በሚችሉበት ጊዜ ቢያልቅልኝ ደስታዬ ነው።

---

ጨለማ ክፍል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ አባትዎንም ነፍሳቸውን ይማር። በፎቶ ቤት ፊልም በማጠብ ረጅም ዓመት የሠራሁ በመሆኑ ስለ ጽዳቱ የማውቀውን ልንገርዎት፤ ስለ መሣሪያው ሌሎች ይመልሱልዎታል።

ከሁሉ በፊት ስላይዶቹን በፊልማቸው ዓይነት ይለዩዋቸው፤ ምክንያቱም ያስተዋሉት የቀለም ልዩነት የመጣው ከዚያ ነው። ቀለማቸው ያልተነካው ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ስላይድ ፊልም ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስሙ በካርቶን ማቀፊያው ላይ ታትሞ ያገኙታል። ኮዳክሮም ቀለሙ በፊልሙ ውስጥ አልነበረም፤ በእጥበቱ ጊዜ ነበር የሚገባው፤ በጨለማ ሲቀመጥም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል። የቀሉት ደግሞ ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም፣ የዚያ ዘመን ኤክታክሮም፣ ወይም መሰሎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢ-6 የሚባለው የእጥበት ዘዴ ከመምጣቱ በፊት የታጠቡት የኤክታክሮም ስላይዶች ሲያረጁ ሲያን የተባለው ሰማያዊ-አረንጓዴ ቀለማቸው አስቀድሞ ይጠፋል፤ እሱ ሲጠፋ ቀይ ብርሃን የሚያግደው ስለሌለ ምስሉ በሙሉ ይቀላል። ማቀፊያው ላይ ስም ከሌለ ስላይዱን በመስኮት ብርሃን አዘንብለው ደብዛዛውን ገጽ ይመልከቱ። በኮዳክሮም ላይ የምስሉ ቅርጽ በመዳብ ላይ እንደተቀረጸ ሁሉ ከፍና ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ይህን ያህል ጎልቶ አይታይም።

ያ ደብዛዛ ገጽ ኢመልሽን የሚባለው ሲሆን፣ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ያለው እዚያ ላይ ነው። የሚያብለጨልጨው ገጽ ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ ነው። በጽዳት ጊዜ ይህን ልዩነት መዘንጋት አይገባም፤ በሚያብለጨልጨው በኩል ያለ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፣ በኢመልሽኑ በኩል ያለው ግን ጄላቲኑን እየተመገበ የገባ ስለሆነ የበላው አይመለስም።

ውኃ በፍጹም አያስነኳቸው። ሻጋታ የያዘው ጄላቲን በውኃ የሚሟሟ ይሆናል፤ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲታሽ ምስሉ ከነቀለሙ ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚሁ ምክንያት ከፋርማሲ የምንገዛውን አልኮል አይጠቀሙ፤ 70 በመቶ የሚል ከሆነ የቀረው 30 በመቶ ውኃ ነው። የሚያስፈልገው 98 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሰርኪዩት ለማጽዳት የሚገለገሉበት ስለሆነ እነሱን ቢጠይቁ ያገኙታል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መጠን ግን ራስዎ ያንብቡ። እህትዎ ፔክ-12 የተባለውን ለፊልም ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ከነስስ መጥረጊያው ብታመጣልዎ የበለጠ ይሻላል፤ እሱም ውኃ የለበትም። በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሚከለከል አስቀድማ ታጣራ።

የሻገቱትን ከጤነኞቹ ይለዩና በአንድ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ዘግተው ለጥቂት ቀናት ያድርቋቸው። ሻጋታ እርጥብ እያለ ሲነካ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ግን ዱቄት ሆኖ ይነሣል። ከዚያም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ እናትዎ በማይቀመጡበት ክፍል፣ በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ያራግፉ። አቧራን በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይልቅ ይጎዳል። በእጅ ተጨምቃ አየር የምትነፋ የላስቲክ ኳስ አለች፤ እሷ ትበቃለች። ለብዙዎቹ ስላይዶች ብሩሽና አየር ብቻ በቂ ነው፤ አልኮል የሚያስፈልገው የጣት አሻራ፣ ቅባት ወይም ያልለቀቀ ሻጋታ ሲኖር ነው። ያን ጊዜም በጨርቁ ላይ ሁለት ጠብታ ያድርጉ እንጂ ፈሳሹን በስላይዱ ላይ አያፍስሱ፤ ከመሃል ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ሳይጫኑ ጠርገው ለሚቀጥለው ሌላ ንጹሕ ጎን ይጠቀሙ። በኢመልሽኑ በኩል የድር ቅርጹ ከቀረ ይተዉት። ያ ቅርጽ ከዚያ በኋላ ቆሻሻ አይደለም፤ ጄላቲኑ ራሱ የተበላበት ቦታ ነው፤ በማሸት የሚገኘው ተጨማሪ ጭረት ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚለማመዱት ዋጋ በሌላቸው፣ ለምሳሌ በጨለሙ ወይም በተንቀጠቀጡ ስላይዶች ላይ ይሁን። የሠርጉን ወደ መጨረሻ ያቆዩት።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም። እኔም እህትዎ ባለችበት አካባቢ ነው ያለሁት፤ የቤተሰቤን ስላይዶች በዚሁ መንገድ ስለሠራሁ ስለ መሣሪያው እኔ ልመልስ።

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ለፊልም ብቻ የተሠራ ስካነር ነው፤ ለምሳሌ ፕላስቴክ 8200አይ። ሁለተኛው እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያለ ጠፍጣፋ ስካነር ሲሆን፣ ክዳኑ ላይ ለፊልም የሚሆን መብራት ስላለው በአንድ ጊዜ አራት ስላይድ ይይዛል፤ ቪ850 ደግሞ አሥራ ሁለት። ሦስተኛው ጥሩ ካሜራ ከማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ ከሚያነሣ ሌንስ) ጋር አድርጎ፣ ስላይዱን ከኋላ በብርሃን እያበሩ ፎቶ ማንሣት ነው። ትንሽ ስክሪን ያላቸው፣ ስላይድ ሲያስገቡባቸው በሁለት ሰከንድ የሚጨርሱ ርካሽ ሣጥኖችም ይሸጣሉ፤ በውስጣቸው ያለው ትንሽ ካሜራ ስለሆነና የሚያወጡትም ጄፔግ ብቻ ስለሆነ፣ ለ800 ስላይድ ይህን ያህል ከደከሙ በኋላ በእነሱ ቢሠሩ ይቆጭዎታል።

በስካነሩ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የጥራት ቁጥር አያታልልዎት። ቪ600 6,400 ነጥብ በኢንች እንዳለው ይጻፍበታል፤ በእውነት የሚያየው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ያስቡት። የስላይዱ ምስል 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። በ2,400 ነጥብ ቢቃኝ ወደ 3,400 በ2,270 ፒክስል ማለትም ከ8 ሜጋፒክስል በትንሹ ያነሰ ፋይል ይወጣዋል፤ ይህ በቴሌቪዥን ለማየትና መጠነኛ ወረቀት ላይ ለማተም ይበቃል። በ4,000 ነጥብ ከሆነ 21 ሜጋፒክስል ይሆናል፤ በእጅ ተይዞ በተለመደ ሌንስ የተነሣ የዚያ ዘመን ስላይድ ከዚህ በላይ ዝርዝር የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ከ3,000 እስከ 4,000 ባለው መካከል ይወስኑ። በ4,000 ነጥብ፣ በ16 ቢት ቲፍ (ጥራቱ ሳይቀነስ በሚቀመጥ የምስል ፋይል) የተቀመጠ አንድ ስላይድ ወደ 128 ሜጋባይት ስለሚመዝን 800ው ወደ 100 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ ይህ ለዛሬ ሃርድ ዲስክ ቀላል ነው።

የፊልም ስካነሩ ትልቁ ጥቅም ኢንፍራሬድ የተባለው በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። መሣሪያው ከተለመደው ብርሃን በተጨማሪ በኢንፍራሬድ አንድ ጊዜ ይቃኛል፤ የስላይዱ ቀለሞች ለኢንፍራሬድ ግልጽ ናቸው፣ አቧራና ጭረት ግን ያግዱታል። በዚህ መንገድ ሶፍትዌሩ አቧራው የት እንዳለ ለይቶ ያውቅና ያንን ቦታ ብቻ ይሞላል። ለኤክታክሮምዎቹ ይህ ብዙ ሰዓት ይቆጥብልዎታል። ከላይ ወንድማችን ያሉት የፊልም መለየት እዚህም ላይ ያስፈልጋል፤ ኮዳክሮም ራሱ ኢንፍራሬድን በከፊል ስለሚያግድ፣ መሣሪያው ጥቁር የሆነውን የምስሉን ክፍል አቧራ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። የሰው ፀጉር፣ የዓይን ሽፋሽፍት፣ የጀጎል ግንብ ጥላ ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለኮዳክሮም ኢንፍራሬዱን ያጥፉት፣ ወይም በዝቅተኛው ሞክረው በሙሉ መጠኑ አጉልተው ያወዳድሩ። ጥቁርና ነጭ ስላይድ ካለም እንዲሁ አይሠራም፤ ምስሉ የተሠራበት ብር ኢንፍራሬድን ስለሚያግድ።

ጊዜውን ደግሞ ያስቡበት። ፕላስቴኩ በእጅ አንድ በአንድ የሚገፋ ነው። ለአንድ ስላይድ አምስት ደቂቃ ቢወስድ 800ው ከ66 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ። ካሜራ ግን የማስተካከያው ሥራ ካለቀ በኋላ በደቂቃ ብዙ ይሠራል፤ ኢንፍራሬድ የለውም እንጂ። እኔ ብሆን ቤት ውስጥ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ካለ፣ እህትዎ የማክሮ ሌንስና የስላይድ መያዣ ብቻ እንድታመጣ አደርግ ነበር፤ ሁሉንም በካሜራ ጨርሼ፣ ከነሱ መካከል የተመረጡትን ብቻ በኋላ በስካነር እደግማለሁ። በካሜራ ከሠሩ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ይሁን፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 አካባቢ፣ አይኤስኦ 100፣ የክፍሉ መብራት የጠፋ። ብርሃኑ ቀለም የማያዛባ ኤልኢዲ መሆን አለበት፤ ሲአርአይ የሚባለው መለኪያ ከ95 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። አንዳንዶች የስልክ ስክሪን ይጠቀማሉ፤ ስላይዱን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ካስቀመጡት የስክሪኑ ነጠብጣብ በምስሉ ላይ ይወጣል። ካሜራው ከስላይዱ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆኑን ለማረጋገጥ በስላይዱ ቦታ ትንሽ መስታወት ያስተኙና በካሜራው ይመልከቱ፤ የሌንሱ ነጸብራቅ ልክ በመሃል ላይ ከታየ ትይዩ ነው።

ለስካነር ቪውስካን ወይም ሲልቨርፋስት የተባሉት ሶፍትዌሮች ጥሩ ናቸው። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የአባትዎ ፕሮጀክተር ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የተሠራው ለ120 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ጀርባውን ሳያነቡ በእኛ 220 ቮልት ላይ አይሰኩት። ቢሠራም ለመለየት ብለው ስላይዶቹን አያብሩባቸው፤ ኮዳክሮም በጨለማ የሚጠነክረውን ያህል በፕሮጀክተር ብርሃን ግን ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ይደበዝዛል።

---

የአለማያ ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ለይቼ አየሁ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ኮዳክሮም ናቸው፤ የቀሉት ከ200 ይበልጣሉ፤ የሠርጉ ስላይዶችም በሚያሳዝን ሁኔታ ከቀሉት ውስጥ ናቸው። የአጎቴ ልጅ ካሜራ ስላለው በእሱ እንጀምራለን። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ የቀሉትን በምን ዓይነት አሠራር ማስተካከል ይቻላል? በመስታወት መካከል ያሉትን ላውጣቸው ወይስ እንዳሉ ይቃኙ? ደግሞስ በማቀፊያው ላይ አባቴ የጻፏቸውንና የታተሙትን ቀኖች እንዴት ላዛምዳቸው? አንድ የጥምቀት ስላይድ ላይ የእንግሊዝኛው የማርች ወር ምህጻረ ቃልና 73 የሚል ታትሞበታል፤ ጥምቀት ግን በማርች አይውልም።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ቀለሙ እኔ ልመልስ። የቀላ ስላይድ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ይድናል፤ ሁኔታው ግን አለው። ካሜራውም ሆነ ስካነሩ በራሱ ቀለም እንዲያስተካክል አይፍቀዱለት፤ መጀመሪያ የቀላውን እንደቀላ፣ ሙሉ መረጃውን ይዞ፣ በሮው ወይም በ16 ቢት ቲፍ ያስቀምጡት። ያ ፋይል አይነካም። የምታስተካክሉት ቅጂውን ነው።

ጊምፕ የተባለው በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃል። ሌቭልስ የሚለውን መሣሪያ ከፍተው ቀዩን ቻናል ብቻ ይምረጡ። ሲያኑ ስለ ደበዘዘ የምስሉ ጨለማ ክፍል እንኳ ብዙ ቀይ ይዟል፤ በሂስቶግራሙ (ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለውን መጠን በሚያሳየው ግራፍ) ላይ ይህ በግራ በኩል ባዶ ሜዳ ሆኖ ይታያል። የጥቁሩን ምልክት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ግራፉ መነሣት እስከሚጀምርበት ድረስ ይግፉት። ወዲያውኑ ጥላው ጥቁር መሆን ይጀምራል፤ አረንጓዴውም ቅጠል ከቀዩ ውስጥ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ሰማያዊውን ቻናል በዚሁ መንገድ ያስተካክሉ፤ ቢጫውም በጥቂቱ ደብዝዞ ሊሆን ይችላልና። በመጨረሻ የመሃሉን ምልክት በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱ። ይህ ሥራ በ8 ቢት ጄፔግ ላይ ቢደረግ፣ የተጠበበው የቀይ ቻናል ሲለጠጥ በሰማዩና በፊት ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ ሰንበር ያወጣል፤ 16 ቢት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ነጭ ነገር ይፈልጉ። በእኛ ፎቶዎች ውስጥ ነጠላ ወይም ጋቢ አይጠፋምና በጣም ይጠቅማል፤ በጥላ ውስጥ ያለው ክፍሉ ግን ከሰማዩ ሰማያዊነት ስለሚወስድ ፀሐይ ያረፈበትን ይምረጡ። ነጠላው ፍጹም ነጭ ሆኖ ፊቶቹ አመድማ ከሆኑ ገፍተው አሳልፈዋል ማለት ነው፤ ፊቱ ላይ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ትንሽ ይመልሱት። በራሱ የሚያስተካክል የሚባለውን ቁልፍ የማልወደው በዚህ ነው፤ ጠይም ፊትን ከነጠላው አጠገብ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ያነጣዋል። የሠርጉን ስላይዶች ለማስተካከል እናትዎን አጠገብዎ ያስቀምጧቸው፤ የካባው ጥልፍ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ከሶፍትዌሩ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

ኮዳክሮሞቹ በአንጻሩ ሲቃኙ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላሉ። ሲልቨርፋስት ለእነሱ የተለየ ምርጫ አለው፤ በካሜራ ከሠሩ ግን በአንዱ ላይ ያገኙትን የነጭ ሚዛን በአንድ ማኅደር ውስጥ ላሉት ሁሉ ማዋል ይችላሉ።

ለቀሪው አቧራ በ100 በመቶ አጉልተው ከፊቶችና ከሰማይ ይጀምሩ፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። በማሳውና በድንጋዩ ላይ ያለውን ትንንሽ ነጥብ ማንም አያየውም። ፊትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥርት እናደርጋለን የሚሉትን ግን ለቤተሰብ መዝገብ አይጠቀሙባቸው። የሚያወጡት ፊት ከመረጃው የተገኘ ሳይሆን በግምት የተሣለ ነው፤ አያትዎን የሚመስል ሌላ ሰው ይሰጥዎታል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚያየው ልጅ ያ እውነተኛው ፊት ነው ብሎ ይይዘዋል።

---

ጨለማ ክፍል

በመስታወት መካከል ያሉትን በተመለከተ፦ መስታወቱ ፊልሙን በሚነካበት ቦታ የቀስተ ደመና ክብ ክብ ቅርጽ ይወጣል፤ የኒውተን ቀለበት ይባላል፤ በቅኝት ላይም ጎልቶ ይታያል። ከዚህም በላይ እርጥበት በመካከሉ ከገባ መውጫ ስለሌለው ሻጋታው የሚብስባቸው እነዚህ ናቸው። አውጥተው ወደ አዲስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ማዛወሩ ይሻላል። ጓንት ያድርጉ፣ ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ። ፊልሙ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ ግን አያስገድዱት፤ በሲሊካ ጄል ካደረቁት በኋላ ካልለቀቀ መስታወቱን ከውጭ አጽድተው እንዳለ ያንሡት።

የተሰነጠቀ መስታወት ካለ ስንጥሩ ኢመልሽኑን እንዳይቧጭረው ስላይዱን አግድም አድርገው በጠረጴዛ ላይ ይክፈቱት።

---

መዝገብ ቤት

ጤና ይስጥልኝ። በቤተ መዛግብት ሥራ ላይ ያለሁ ስለሆነ ስለ ቀኑና ስለ አያያዙ ልጨምር፤ እስካሁን የተሰጠው ምክር እጅግ ጠቃሚ ነው።

በማቀፊያው ላይ የታተመው ወር ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት አይደለም። ኮዳክሮምን ማጠብ የሚችሉት ልዩ ላብራቶሪዎች ብቻ ስለነበሩ፣ ከአገራችን በፖስታ ወደ ውጭ ተልኮ ታጥቦ ነበር የሚመለሰው። ማርች 73 በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ቀን 1965 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ስላይዱ የጥምቀት ከሆነ የጥር 11 ቀን 1965 ዓ.ም. በዓል መሆኑ በጣም ይቀርባል፤ ከአርባ እስከ ሰባ ቀን ገደማ የሆነ ልዩነት ለፖስታው በቂ ነው። ፊልሙ በካሜራው ውስጥ ዓመት ቆይቶ ሊሆንም ስለሚችል ግን በማቀፊያው ላይ ያለውን የተራ ቁጥር ይመልከቱ፤ ከአንድ ጥቅልል የወጡትን በቁጥራቸው ሲደረድሩ ከጥምቀቱ በፊትና በኋላ የተነሡት ነገሩን ያጸኑልዎታል። የታተመው ሁሉ በፈረንጆቹ፣ አባትዎ በእጃቸው የጻፉት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን በአንድ ዓምድ አይቀላቅሏቸው። እኔ ሁለት ዓምድ አዘጋጅቼ በአንዱ የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ በሌላው ደግሞ የደረስንበትን ቀን ከነምክንያቱ አሰፍራለሁ።

ምንም ያልተጻፈባቸውን ከምስሉ ውስጥ ካለ ነገር ማጥበብ ይቻላል። የአዲስ አበባው የትግላችን ሐውልት ተጠናቆ ከታየ ስላይዱ ከ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ የሌኒን ሐውልት ቆሞ ከታየ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በፊት ነው። የእርስዎ ስብስብ ከእነዚህ ቢቀድምም መንገዱ ያው ነው፤ ለአለማያ የትኛው ሕንጻ መቼ እንደተሠራ የሚያስታውሱ የአባትዎ የሥራ ባልደረቦች ካሉ እነሱን ይጠይቁ።

ስላይዱ ተገልብጦ መቃኘቱንም ያረጋግጡ። ትክክለኛው አቀማመጥ የሚያብለጨልጨው ገጽ ወደ ተመልካቹ ሲሆን ነው፤ በኮዳክ የካርቶን ማቀፊያ ላይ በአንደኛው ጎን ይህ ወገን ወደ መጋረጃው ይሁን የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እሱ ያለበት የኢመልሽኑ ወገን ነው። ጥርጣሬ ካለ በምስሉ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የመኪና ታርጋ ይፈልጉ፤ ፊደሉ ይነግርዎታል።

ከመቃኘትዎ በፊት እያንዳንዱን ማቀፊያ ከፊትና ከኋላ በስልክ ፎቶ ያንሡት። የአባትዎ የእጅ ጽሑፍ እዚያ ላይ ስላለ፣ ማቀፊያ ሲቀየር ደግሞ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ፣ ይህ ሊዘለል አይገባም። የተቀየረውን ካርቶንም አይጣሉት፤ ቁጥር ሰጥተው በፖስታ ያኑሩት። ለፋይሎቹ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ አጭር አድርገው ይስጡ፤ ማኅደር፣ ተራ ቁጥር፣ በቃ። ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ የሚቻለው በፋይሉ ውስጥ በሚቀመጠው ኤክስኤምፒ በተባለው ክፍል ነው፤ ዩኒኮድ ስለሚቀበል ፊደላችን አይበላሽበትም። በነጻ የሚገኘው ኤግዚፍቱል ይህን በብዛት ለመጻፍ ያስችላል።

እናትዎን በተመለከተ፣ የካሜራው ሥራ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ዛሬውኑ ስላይዶቹን በላፕቶፕ ነጭ ስክሪን ፊት ይዘው በስልክ ሻካራ ቅጂ ያንሡ፤ ጥራቱ ምንም ቢሆን ሰው ለመለየት ይበቃል። እሱን በቴሌቪዥን እያሳዩ፣ ድምፅ እየቀዱ ይጠይቋቸው። ማን ነው ከማለት ይልቅ ይህ ቤት የማን ነበር፣ ያን ቀን ምን ነበር ብለው ቢጀምሩ ብዙ ይወጣል፤ ስሙ በወሬው መካከል ይመጣል። ለመቃኘት ቅደም ተከተል የሚያወጣልዎትም ይኸው ንግግር ነው።

ዋናዎቹን አይጣሉ። ኮዳክሮም ከየትኛውም ሃርድ ዲስክ በላይ ዕድሜ አለው፤ የነገው ስካነርም ከዛሬው የተሻለ ሊያወጣለት ይችላል። ከቆርቆሮው አውጥተው በፖሊፕሮፒሊን ኪስ ወይም ለመዝገብ በተሠራ የካርቶን ሣጥን ያኑሯቸው፤ ፒቪሲ የሆነውን፣ ጠረኑ የሚከረፋውን ለስላሳ ላስቲክ ያስወግዱ። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ይህን ስለሚያልፍ ሣጥኑን ከውጭ ግድግዳና ከወለል አርቀው፣ ሲሊካ ጄሉን እየቀያየሩ ያቆዩት። ለልብስ የምናደርገውን ናፍታሊን አጠገባቸው አያስቀምጡ። ፋይሎቹን ደግሞ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይያዙና ሦስተኛ ቅጂ እህትዎ ይዘው ይሂዱ።

---

የአለማያ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የስልኩን ቅጂ ዛሬ ማታ ከእናቴ ጋር እንጀምራለን። ስለ ሁለቱ ያልታጠቡ ጥቅልሎች ግን አልተነገረኝም። ለእህቴ ብሰጣት እዚያ ታጥበው በቀለም ይወጣሉ?

---

ጨለማ ክፍል

በፊልም ጥቅልሎቹ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ስም ያንብቡ። ኮዳክሮም ከሆኑ በቀለም ማጠብ ከቀረ ቆይቷል፤ የመጨረሻው ላብራቶሪ፣ በካንሳስ የሚገኘው ድዌይንስ፣ ፊልም መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው። እንደ ጥቁርና ነጭ አድርገው የሚያጥቡ ላብራቶሪዎች ግን አሉ፤ ይህን ያህል ዓመት የቆየ ፊልም ጭጋግ ይኖረዋል፣ ሆኖም የሰው ቅርጽ የወጣባቸውን አይቻለሁ። ኤክታክሮም ከሆነ ደግሞ በድሮው ዘዴ የሚታጠበውን በኢ-6 ማጠብ ፊልሙን ስለሚያበላሸው፣ ለላብራቶሪው ዓይነቱን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

እስከዚያው አይክፈቷቸው፣ ጫፉንም አይጎትቱ። እህትዎ ሲወስዱ በእጅ ሻንጣ ይያዟቸውና በኤክስሬይ ሳያልፉ በእጅ እንዲፈተሹላቸው ይጠይቁ፤ ወደ ጭነት የሚገባው ሻንጣ የሚያልፍበት ኤክስሬይ ያልታጠበ ፊልምን ይጎዳል። የታጠቡት ስላይዶች ግን ኤክስሬይ ምንም አያደርጋቸውም።